የንግሥት እሌኒ ልክ

ባንታላን፣ የካቲት 14

ውድ እህቴ ዴልፋ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። ቻዮንግም ደህና ናት፤ ባለሦስት እግር ታክሲዋ ግን አርጅቷል፤ ዳገት ላይ ተሳፋሪውን አስወርዳ አብረው ይገፉታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ሳልሰጥሽ በመቆየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። የምጽፈው ጠፍቶኝ አይደለም። አንድ ያጠፋሁት ነገር አለ፤ እሱን ደብቄ ስለ ዝናብና ስለ ዓሣ ብጽፍልሽ አፍራለሁ፤ እሱን ለመናገር ደግሞ ድፍረት አጣሁ።

መጀመሪያ ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አዎ፣ እማማ ቾሌንግ ያረፈችው በእንቅልፏ ነው። አልተሰቃየችም። እዚያው ጸጉር ቤቷ ውስጥ ጸጉሯን ፒፒንግ፣ ጥፍሯን ሮሲንግ ሠሯት፤ አስከሬኗ ፊት እንኳ «ይሄ ቀይ አይሄድባትም»፣ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ተባብለው ተጣሉ። ወንድሞቿ ሱሪና ክራባት ይዘው መጥተው ነበር፤ ማናችንም ጠርተናት የማናውቀውን የወንድ ስሟንም መቃብሩ ላይ ሊያስጽፉ። ቻዮንግ በሩ ላይ ቆማ «ሱሪውን ለሚለብሰው ውሰዱለት» አለቻቸው። በአረንጓዴ ቀሚሷ ቀበርናት።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። የዓመቱን ዝግጅታችንን ሁልጊዜ በየካቲት በአንድ ወረቀት ጽፈን ለቀበሌው ሊቀመንበር እንደምንሰጥ ታስታውሻለሽ። ዘንድሮም ሰጠን፦ በመጋቢት ለሽማግሌዎች በነጻ ጸጉር መቁረጥ፣ በሚያዝያ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር መረብ ኳስ፣ እንደተለመደው በቀሚስ፣ ግንቦትን ሙሉ ማታ ማታ ለማርያም አበባ ማቅረብ፣ በግንቦት የመጨረሻው እሑድ ደግሞ የንግሥቶቹ ሰልፍ። ማን የትኛዋን ንግሥት እንደምትሆን ስም በስም ይጻፋል። ከሁሉም በኋላ መስቀሉን ይዛ የምትሄደውን ንግሥት እሌኒን የምትመርጠው እማማ ቾሌንግ ነበረች። ሳትመርጥ ሞተች።

ፒፒንግና ሮሲንግ ጸጉር ለጸጉር ሊያያዙ ምንም አልቀራቸውም። ፒፒንግ «አንቺ እሌኒ ከሆንሽ መስቀሉ ራሱ ተመልሶ ይቀበራል» አለቻት። ወረቀቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ዝም ስለምል ሁልጊዜ ለኔ ነው የሚሰጡኝ። እነሱ ሲጯጯሁ እሌኒ ከሚለው ፊት ያንቺን ስም ጻፍኩ። ሳልጠይቅሽ። በሌለ ሰው ማን ይጣላል ብዬ። እውነትም ሁለቱም ጠባቸውን ተዉ። ፒፒንግ እንዲያውም አለቀሰች።

በኋላ ቀስ ብዬ እለውጠዋለሁ ብዬ ነበር። ሊቀመንበር ኦብዱልዮ ግን ማኅተሙን አሳርፎበት እንዲህ አለኝ፦ «እዚህ የተጻፈ ስም አይለወጥም። እሌኒ ከሌለች ሰልፉ የለም። ሰልፉ ከሌለ ያን ማታ መንገዱን ለቅርጫት ኳሱ ፍጻሜ እሰጠዋለሁ፤ ለከርሞም የነሱ ነው።» ከተመረጠ ጀምሮ ሰበብ ሲፈልግ ነበር። ሰበቡን በእጄ ጽፌ ሰጠሁት።

ዐሥራ አንድ ዓመት ርቀሽ ኖረሽ በኔ ስህተት መጠራትሽ ያሳፍረኛል። ግን ነይ። አምና መስቀሉን የተሸከመችው እማማ ቾሌንግ ራሷ ነበረች፤ ከቤቷ ወጥቶ አሁን እኔ ጋ ነው፤ ከስፌት መኪናዬ በላይ ሰቅየዋለሁ። ቀሚሱን እንድሰፋ ልክሽን የቋጠርሽበት ሲባጎ ላኪልኝ፤ እሷ እንዳስተማረችን፣ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ፦ ቀኝ ትከሻ፣ ግራ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት። ቁጥር እንዳትጽፊ። ፒፒንግ ፖስታ ትከፍታለች።

ጥፋተኛዋ እህትሽ፣
ሊዮኒላ


ማኒላ፣ መጋቢት 2

እታለም ኒላ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ሳቅኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ እንደገና ሳቅኩ። ሌላው ሰው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያጠፋል፤ አንቺ ሃምሳ ዓመት አጠራቅመሽ በአንድ ቀን!

አረንጓዴውን ቀሚስ ስላለበሳችኋት እግዜር ይስጣችሁ። ወይን ጠጁ ቀሚሷ ያወፍራት ነበር፤ ስሞት ነው የምነግራት ብዬ ነበር፤ ቀደመችኝ።

አድራሻሽ ለምን ተቀየረ ካልሽ፣ የምሠራበት የሆቴሉ ጸጉር ቤት እድሳት ላይ ስለሆነ ለጊዜው ሆስፒታሉ ጀርባ ክፍል ተከራይቻለሁ። ነርስ ይበዛል፤ ነርስ ደግሞ ጸጉሯን መሠራት ትወዳለች። ጽሕፈቴ የተንጋደደው አውቶቡስ ውስጥ ስለምጽፍ ነው። ሌላ ምንም የለም።

እመጣለሁ አልልም፤ አልመጣምም አልልም። ግንቦት የሙሽሮች ወር ነው፤ ሥራ ይበዛል። ሲባጎውን ግን ይኸው ልኬያለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጣት አልጨመርኩም። ፒፒንግ ፖስታውን ከከፈተችው ትቃጠል።

ቻዮንግን ሳሚልኝ፤ ጉንጯን ብቻ፣ ሌላው ያንቺ ነው።

ዴልፋሽ


ባንታላን፣ መጋቢት 15

ዴልፋዬ፣

ሲባጎው ደረሰኝ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ለካሁት። አጥፌ አስቀመጥኩት፤ እንደገና አውጥቼ ለካሁት።

የግራ ትከሻሽ ከቀኙ በሁለት ጣት ይረዝማል ይላል።

ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት የመሄጃሽን ነጭ ቀሚስ ልሰፋ ስለካሽ፣ ቻዮንግ ቀልድ ነግራሽ ስቀሽ ዘመም አልሽ፤ የግራውን ትከሻ በሁለት ጣት አስረዝሜ ቆረጥኩት። ጨርቁ አንድ ብቻ ነበር። ውስጡ ስፖንጅ ከትቼ ሸፈንኩት፤ አንቺም ሳታውቂ ለብሰሽው ወደ ማኒላ ይዘሽው ሄድሽ። ትከሻሽ ጠማማ አይደለም፤ ጠማማው የኔ መቀስ ነው። ያ ስህተት ያለው ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀሚስ ላይ።

የለካሽው ቀሚሱን ነው። ሰውነትሽን ለምን አልለካሽም?



ሊዮኒላ


ማኒላ፣ መጋቢት 29

እታለም፣

ሌባን በጣት አሻራ ይይዙታል፤ አንቺ በትከሻ ያዝሽኝ። እንግዲህ ከያዝሽኝ አልዋሽሽም።

አልመጣም።

ከመቼ ጀምሮ ነው ብለሽ ትጠይቂኛለሽ፤ ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ ነው። ጸጉር ቤቱ አልታደሰም፤ እኔን ነው ያወጡኝ። ክፍሌ ሆስፒታሉ ጀርባ የሆነው ለገበያ አይደለም፤ ለመራመድ ቅርብ እንዲሆንልኝ ነው። የበሽታውን ስም አልጽፈውም፤ አንቺም አታንብቢው። አብረውኝ ከሚሠሩት ሦስቱን ቀብሬያለሁ። ያለቀስኩላቸው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለኔ ማን ተራ እንደሚይዝ አላውቅም።

አሁን በደንብ ስሚኝ። እንዲህ ሆኜ መስቀል ይዤ በዚያ መንገድ ብሄድ ሕዝቡ በሁለተኛው እርምጃዬ ያውቃል። አንቺ አንድ ማታ ይቀራል ብለሽ ትፈሪያለሽ። እኔ የምፈራው ከርሞ ጸጉሩን በፒፒንግ እጅ የሚያስነካ ሰው እንዳይጠፋ ነው። የእማማ ቾሌንግ ጸጉር ቤት ይዘጋል። ኦብዱልዮ በደስታ ቁልፉን ራሱ ያዞራል።

ስሜን ሰርዢው። አይሰረዝም ካለ ሞተች በይው። ውሸት እንዳይሆንብሽ ጥቂት ብትታገሺ ነው።

ዴልፋ


ባንታላን፣ ሚያዝያ 12

ዴልፋዬ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ይቅርታ የምጠይቅሽ ስለ ስሙ አይደለም። ያለፈውን ደብዳቤሽን ያነበብኩት በጨርቅ ይዤ ነው። ካነበብኩ በኋላም እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ቻዮንግ አየችኝና ደብዳቤውን በባዶ እጇ አንስታ ኪሷ ከተተችው፤ ቀኑን ሙሉ ይዛው ዋለች። ማታ እራት አልበላሁም።

በማግስቱ ወደ ጤና ኬላው ሄድኩ። ጮክ ብዬ መጥራት ስላልቻልኩ የበሽታውን ስም ወረቀት ላይ ጽፌ ለነርሷ ሰጠኋት። በመጨበጥ አይተላለፍም አለችኝ። በልብስም፣ አብሮ በመብላትም፣ በመሳምም። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። «እማማ፣ የራስዎ ልጅ ነው?» አለችኝ። «ልጅም እህትም ናት» አልኳት።

መረብ ኳሱን ማን አሸነፈ ካልሽ፣ እኛ ነን። ሊቀመንበሩ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ተሰልፎ ነበር። በመሃል ኳሱን ይዞ ሕዝቡ እየሰማ፣ በወንድ ስምሽ ጠርቶ፣ «ያ እሌኒያችሁ አዴልፎ ይመጣል ወይስ የባክላዎቹን፣ የነዚህን ቀሚስ ለባሽ ወንዶች በሽታ ይዞ ማኒላ ተኝቷል?» አለ። ቻዮንግ ከዳር ሆና፣ «ጋሼ ኦብዱልዮ፣ አንተ መጀመሪያ ኳሱን ወርውር፤ ቀሚስ በለበሱ ዐሥራ ሁለት ለሦስት እየተመራህ ነው!» አለችው። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሲስቁ ግን የሚያዩት ወደኔ ነበር። ወሬው ሳትመጪ ቀድሞሽ መጥቷል፣ ዴልፋ። ብትቀሪ «እውነት ነው» ይላሉ። ብትመጪ ቢያንስ ዓይናቸውን እያየሽ ይሉታል።

ስምሽን አልሰርዝም። ሞተች አልልም። እንዲህ ዓይነት ውሸት እንድጽፍ እጄን አታዢው።

ሰውነት የለኝም ካልሽ እኔ እሰፋልሻለሁ። ዳሌ እሰፋለሁ፣ ደረት እሰፋለሁ፣ ክንድ እሰፋለሁ። ሠላሳ ዓመት ወንዶቹን ሴት የሚያደርግ ልብስ ስሰፋ ኖሬያለሁ፤ አንዲት የታመመች ሴትን ጤነኛ የሚያደርግ መስፋት ያቅተኛል? ግን በባዶ ሜዳ መስፋት አልችልም። እውነተኛውን ልክ ስጪኝ። ሲባጎውን ሰውነትሽ ላይ አድርጊው። የሚያምሽ ቦታ ላይ ሲደርስ አላልተሽ ያዢ። እለምንሻለሁ። በማንም ሰው በር ላይ ቆሜ ለምኜ አላውቅም፤ አንቺን ግን እለምንሻለሁ።

ሊዮኒላ


ማኒላ፣ ሚያዝያ 27

እታለም፣

ይኸው።

የጎረቤቴ ልጅ ነች የለካችኝ፤ እኔ እጄን ወደ ጀርባ ማዞር አልቻልኩም። ወገቡ ላይ ስትደርስ «ሲባጎው ተጠማዝዞ ይሆናል» ብላ ደግማ ለካች። አልተጠማዘዘም።

ለብቻሽ ሆነሽ ክፈቺው። ከለካሽ በኋላ ምንም አትጻፊልኝ። ቀለሙን ብቻ ንገሪኝ።

ዴ.


ባንታላን፣ ግንቦት 10

ዴልፋዬ፣

ሰማያዊ ነው።

ምንም እንዳልጽፍ ስላልሽኝ ስለ ሲባጎው አልጽፍም። ቻዮንግ ጠረጴዛው ላይ አይታው «የማን ሕፃን ልትጠመቅ ነው?» አለችኝ፤ ከዚያ ፊቴን አየች። ወጥታ ባለሦስት እግሯን ስታጥብ ዋለች፤ ንጹሑን።

ስለ ቀሚሱ ልንገርሽ። አንገቱ ከፍ ያለ ነው፤ እጅጌው እስከ ጣቶችሽ ይደርሳል፤ በግንቦት ሙቀት እንደምትቀቀዪ አውቃለሁ፤ ይቅርታ። ስፖንጁን ከገበሩ ጋር በሁለት ድርብ ክር ይዤዋለሁ፤ አይንሸራተትም። ሁለቱ ትከሻዎች በዚህኛው እኩል ናቸው። ስቆርጠው ማንም አጠገቤ እንዲስቅ አልፈቀድኩም።

መስቀሉ እንዳይከብድሽ ከውስጥ ላስቦረቡረው አስቤ ነበር። ቻዮንግ «ቆይ፣ መስቀል ቦርቡረሽ ሰማይ ቤት ስትደርሺ ምን ልትያቸው ነው? ለቀሚሱ እንዲስማማ ነው ልትይ?» አለችኝ። ተውኩት።

መርከቡ በሰልፉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባል። ቻዮንግ ወደቡ ላይ ትጠብቅሻለች፤ መጋረጃ ሰቅላለች። በዋናው መንገድ አትመጡም፤ በዓሣ ማድረቂያው ዞራችሁ በጓሮ ትገባላችሁ። ሩዝ በዓሣ መረቅ እሠራልሻለሁ፤ የምትችይውን ያህል ትበያለሽ፤ አብረን ከአንድ ሳህን።

ማን ይደግፈኛል ትያለሽ። እሌኒ አጃቢ አላት አይደል? እኔ ነኝ። በግራሽ በኩል እሆናለሁ። ሰው ፊት ወጥቼ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ፤ ሠላሳ ዓመት ሰልፉን ያየሁት በመስኮቴ ቀዳዳ፣ ስፒል በአፌ ይዤ ነው። ትናንት በጓሮ በኩል ከዶሮዎቹ መሃል ተለማመድኩ። ቻዮንግ «ዶሮዎቹ እንኳ ካንቺ ይሻላሉ፤ ቀና በይ!» ትለኛለች። ቀና እላለሁ።

ፒፒንግና ሮሲንግ መታመምሽን በእርግጥ አያውቁም። ከነገርኳቸው አገር ያውቃል። አንድ ነገር ግን እፈራለሁ፤ በሰልፉ መንገድ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ያለውን ዳገት።

ሌላ ደብዳቤ ለመመላለስ ቀን የለም። መርከቡ ላይ ከሌለሽ ምንም የማደርገው ነገር የለኝም፤ ይሄን እወቂ። ቀሚሱ ለሌላ ለማንም አይሆንም።

ሊዮኒላ


ባንታላን፣ ሰኔ 21

ዴልፋዬ፣

በሰላም ማኒላ መግባትሽን ስሰማ እግዜርን አመሰገንኩ። የጻፍሽልኝን ዘጠኝ መስመር ደጋግሜ አነበብኩት፤ በባዶ እጄ።

ሰው አየ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንዴት ብዬ እዋሽሻለሁ። አየ። ስፖንጁ አልከዳኝም፤ ስፌቱ እስከ መጨረሻው ይዟል፤ ዳገቱ ላይ ወድቀሽ ፒፒንግና ሮሲንግ በክንዳቸው ተሸክመው ማውጣታቸውን ግን ምንም መርፌ አይሸፍነውም። ፒፒንግ ክንዷ እስካሁን ጠቁሯል። «ምን ሆነሽ ነው?» ለሚላት ሁሉ «ንግሥት ተሸክሜ ነው፤ አንተ ምን ተሸክመህ ታውቃለህ?» ትላለች። ሮሲንግ ደግሞ የቀኙ ክንድ የሷ እንደነበር፣ ቀኙ ደግሞ የበለጠ እንደሚከብድ ለሁሉም ታስረዳለች። እንደገና ተጣልተዋል።

ከሰልፉ በኋላ ሦስት ደንበኞቼ ጨርቃቸውን ሳይሰፋ መልሰው ወስደዋል። ጸጉር ቤቱ ሁለት ሳምንት ባዶውን ዋለ። ባለፈው ማክሰኞ ነርሷ ራሷ መጣች፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ በሩን አስከፍታ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ ጸጉሯን ተሠራች። ትናንት ሁለት ሰው መጣ። ሁለት ብቻ ነው። እንዳትደሰቺ ብዬ አይደለም፤ እውነቱን ጠይቀሽኝ ነው።

ሊቀመንበር ኦብዱልዮ ያን ማታ ምን እንዳሰበ አላውቅም። መስቀሉ በፊቱ ሲያልፍ ኮፍያውን እንዳወለቀ ቻዮንግ ትምላለች፤ እኔ ቀና ብዬ ፊት ለፊት ብቻ ነበር የማየው። ሰሞኑን ግን መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ ፊቴን ሳያይ፣ «የከርሞውን ወረቀት እንዳታዘገዪ» አለኝ። ከርሞ አለ። በራሱ አፍ።

ስለ መስቀሉ የጻፍሽው ግን አይሆንም። ይዘሽው ስትሄጂ ወደቡ ላይ ሁላችንም አይተናል። በፖስታ አትልኪውም። ለጎረቤትሽ ልጅም አትሰጪያትም። «የሚያመጣልሽ ሰው አዘጋጅቻለሁ» ያልሽው ሰው ቢመጣ በሬን አልከፍትለትም፤ ቻዮንግም ወደቡ ላይ አትቀበለውም። ሕጉን እማማ ቾሌንግ ስታስተምረን አንቺም ነበርሽ፦ የተሸከመችው ዓመቱን ሙሉ ቤቷ ታስቀምጠዋለች፤ በግንቦት መልሳ የምታመጣውም ራሷ ናት።

ከርሞ በሕይወት የምትኖር ሰው ስም ጻፊ ብለሽኛል። ወረቀቱን ዛሬ አሰመርኩት። ፒፒንግን ጻፍኳት፣ ሮሲንግን ጻፍኳት፣ ሌሎቹንም ሁሉ። እሌኒ ከሚለው ፊት ያለውን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ። ከአሁን እስከ የካቲት ስምንት ወር አለ። አሁን ግን ሳልጠይቅሽ አልጽፍም።

በየካቲት መጀመሪያ ሲባጎ ላኪልኝ። ሰውነትሽ ላይ ለክተሽ፣ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ። ምንም ያህል ቢያጥር ግድ የለም። እኔ እሰፋዋለሁ።

እህትሽ፣
ሊዮኒላ